«ቴንድ ቱ»ን ዜና ውስጥ እንዴት እንጻፈው፣ እንዴትስ እንተርጉመው?

ቢሯችን አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አንድ ቀን ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩት አጭር ዜና ወጣ። ርዕሱ «ረጃጅም ሰዎች ብዙ ደመወዝ ያገኛሉ» ይላል። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጋዜጣውን አጣጥፈው ይዘው ጠበቁኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «የኔን ድርሻ ማን በላው?»

ሳቅን። ሻዬን ይዤ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግን ሳቄ ጠፋ። እንግሊዝኛው «ቶል ፒፕል ቴንድ ቱ ኧርን ሞር» ነበር የሚለው። እኔ መሀል ላይ ያለችውን «ቴንድ ቱ»፣ ማለትም «አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው» የምትለዋን ግስ ዋጥ አድርጌ፣ ስለ አብዛኞቹ የተባለውን የሁሉም አድርጌዋለሁ። ጋሼ ደግሞ ከ«ሁሉም» ውስጥ አንዱ ናቸው። ድርሻቸውን ቢጠይቁ ምን ያስወቅሳቸዋል?

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ ዜና የሚጽፍ፣ ሌላው የእንግሊዝኛ ዜና ወደ አማርኛ የሚመልስ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ነው፤ ጠዋት በአማርኛ የተሰጠ መግለጫ ይዞ ይመጣና ከሰዓት በእንግሊዝኛ ሲተይበው ይውላል፣ ማታ ደግሞ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ሲገለብጥ ያመሻል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ በ1935 ዓ.ም ከተጀመሩ ወዲህ ሁለቱ ቋንቋዎች እዚሁ ሰፈር ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው። ለዓይን እንግዳ ከሆነባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ጆሯችሁ ያውቀዋል።

መጀመሪያ፦ የትኛው ቴንድ እንደሆነ ለዩ

እንግሊዝኛ ሁለት ቴንድ አለው። ሩቅ አያታቸው ላቲን ውስጥ አንድ ነው፣ ቴንዴሬ ይባላል፣ መዘርጋት ወይም መወጠር ማለት ነው። ድንኳን የሚሉት ቴንትም፣ ውጥረት የሚሉት ቴንሽንም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ግን ሁለቱ ቴንዶች የመጡበት መንገድ ተለያየ። አንዱ «ወደ አንድ ወገን ማዘንበል» የሚለውን ይዞ ቀረ። ሌላው አቴንድ ከሚለው ቃል አናቱ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ማስታመም፣ መንከባከብ፣ መጠበቅ ማለት ነው። ባርቴንደር ስሙን ያገኘው ከዚህኛው ነው።

ዜና ላይ ሁለቱም ይመጣሉ፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የአደጋ ዜና ውስጥ «ነርስስ ቴንድድ ቱ ዘ ኢንጀርድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታገኙ፣ ነርሶቹ ቁስለኞቹን ሲረዱ ነበር ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ነርሶቹ የመጎዳት ዝንባሌ ነበራቸው» ብሎ ጻፈው። ዴስክ ላይ ተያዘ እንጂ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እንስቅ ነበር። አሁንም እንስቃለን።

መለያው ቀላል ነው። ከ«ቱ» ቀጥሎ ያለውን ቃል እዩ። ግስ ከሆነ፣ ማለትም ቱ ራይዝ፣ ቱ ፎል፣ ቱ ቢ ከሆነ፣ ስለ ልማድና ስለ አዝማሚያ ነው የሚያወራው። ሰው ወይም ዕቃ ከሆነ፣ ቁስለኛ፣ አትክልት፣ እሳት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንክብካቤ ነው። «ቴንድ ቱዋርድስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ከኋላው ስም ቢመጣም ያው ማዘንበል ነው፣ አትደናገሩ።

ሁለተኛ፦ ሰዋስዉን ቶሎ ጨርሱት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ሕጉ አጭር ነው። ከቱ በኋላ ግሱ እርቃኑን ይመጣል። «ቴንድ ቱ ራይዚንግ» አይባልም። ባለቤቱ ነጠላ ከሆነ ቴንድስ ነው፣ ኤሷን መርሳት የኛ አገር ጸሐፊ የታወቀ በሽታ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ፖሊስ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ እንደ ብዙ ስለሚቆጠር «ዘ ፖሊስ ቴንድ» ነው የሚባለው፣ ቴንድስ አይደለም።

«ኢዝ ቴንዲንግ ቱ» ከማለት ተቆጠቡ። ግሱ ራሱ «እየተደጋገመ የሚታይ» የሚለውን ስለያዘ፣ «አሁን እየሆነ ያለ» የሚለውን ቅርጽ ብዙም አይወድም። ዋጋው ሰሞኑን እየወጣ ከሆነ «ፕራይስስ አር ራይዚንግ» ብላችሁ ተገላገሉ።

አሉታው ሁለት መልክ አለው። «ቴንድ ኖት ቱ» እና «ዶ ኖት ቴንድ ቱ»። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ፍቺያቸውም ያው ነው። የመጀመሪያው ጠንከር ያለ የጽሑፍ ቃና ስላለው ለዜና እሱን እመርጣለሁ። ሁለተኛው የአፍ ወሬ ይሸታል።

ሦስተኛ፦ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ላይ አትለጥፉት

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቴንድ ቱ የሚሠራው ተደጋግሞ ለሚታይ ነገር ብቻ ነው። ትናንት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ቀንና ሰዓት ስላለው ክስተት ሲሆን ቦታ የለውም። ሚኒስትሩ ትናንት አርፍደው ከደረሱ አርፍደው ደረሱ ነው፣ በቃ። «ቴንድድ ቱ አራይቭ ሌት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያን ጊዜ ሁሉ ማርፈድ ልማዳቸው ነበር እያላችሁ ነው። ይህ ሌላ ዜና ነው፣ ማስረጃም ይፈልጋል።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ኤልኒኖን ሁላችንም ሰምተናል። የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የአየር ዝውውሩ ይቀየርና የእኛን የክረምት ዝናብ ይነካዋል። በተለይ በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል፦ «ኤልኒኖ ቴንድስ ቱ ዊክን ዘ ክረምት ሬይንስ»። ይህ ለዘመናት የታየ ነገር ነው፣ ግን በየዓመቱ በአንድ መጠን አይመጣም። ስለዚህ ቴንድስ ቱ ቦታውን አግኝቷል።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ዓመት እንጻፍ። በ2007 ዓ.ም ክረምት ብርቱ ኤልኒኖ መጣ፣ ዝናቡ በብዙ ቦታ ከዳ፣ በ2008 ዓ.ም የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ስትጽፉ ቴንድ ቱ ይውጣ። «ኤልኒኖ ዊክንድ ዘ ሬይንስ» ነው፣ አዳከመ፣ አለቀ። የሆነን ነገር «የመሆን አዝማሚያ አለው» ማለት የተራበውን ሰው መጠራጠር ይመስላል።

ሌላም አለ። ባለቤቱን አስፍታችሁ «ኤልኒኖ ቴንድስ ቱ ብሪንግ ድራውት ቱ ኢትዮጵያ» ብትሉ ግማሽ ስህተት ነው። ያው ኤልኒኖ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ዝናብ የማብዛት ጸባይ አለው፣ ጎርፍም ይዞ ይመጣል። ቴንድ ቱ ለዘብ ያለ ግስ ስለሆነ ብቻ ሁሉንም ነገር ይሸከማል ማለት አይደለም። የት? በየትኛው ወቅት? እሱ ካልተነገረ ግሱ ብቻውን አያድናችሁም።

አራተኛ፦ ከማን ጋር ሲነጻጸር? ማን አለ?

ጋሼን ያስቀየመው ዜና ውስጥ «ሞር» የሚል ቃል ነበረ። የበለጠ። ከማን? በአማካይ ከአጫጭሮቹ። አማካይ ደግሞ የማንም ሰው ኪስ ውስጥ አይገባም። አንድ ረጅም ሰው የሚያገኘው በሥራው፣ በትምህርቱ፣ በዕድሉ ነው፤ ቁመት ሺህ ሰዎችን አንድ ላይ ስትደምሩ ብቻ የሚታይ ቀጭን ልዩነት ነው። ቴንድ ቱ ይህን ቀጭን ልዩነት የያዘ ክር ነው። ክሩን ስትበጥሱት ሰው ሁሉ ራሱን ዜናው ውስጥ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን እንዳለው ነው። ተመራማሪዎች? ነጋዴዎች? ወይስ እናንተ ራሳችሁ፣ ሦስት ሰው አነጋግራችሁ? ሦስት ሰው ቴንድ ቱን አይሸከምም። ሦስት ሰው «ሦስት ነጋዴዎች እንደነገሩን» ነው። ይህ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ያስከብራል።

በተለይ ስለ ሰዎች ስብስብ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። የሆነ ሰፈር ልጆች፣ የሆነ ብሔር፣ የሆነ ሃይማኖት፣ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ከዚያ ቴንድ ቱ፣ ከዚያ አንድ መጥፎ ነገር። ግሱ ትሕትና የለበሰ ስለሚመስል ሐሜት ተሸፍኖበት ያልፋል። «ሁሉም አላልኩም እኮ» የሚለው መከላከያ አብሮት ነው የሚመጣው። እኔ ያወጣሁት ሕግ እንዲህ ነው፦ ቁጥር ወይም የሚታመን ምንጭ ከሌለኝ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር አልጽፍም። «ሃቭ ኤ ቴንደንሲ ቱ» የሚለው ወንድሙ ደግሞ ወደ ወቀሳ ስለሚያመዝን ይበልጥ ይጠነቀቁታል።

በሌላ በኩል ፈሪ ጸሐፊም አለ። «ሜይ ዩዥዋሊ ቴንድ ቱ» ብሎ ሦስት ጋቢ ደራርቦ የሚወጣ። ምናልባት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የማዘንበል ነገር። አንባቢ ከዚህ ምን ይያዝ? አንዱን ጋቢ አስቀሩ፣ ሌላውን አውልቁ።

እግረ መንገዴን ስለ ርዕስ ልናገር። የእንግሊዝኛ ርዕስ ቦታ ስለሚጠበው ቴንድ ቱን ይበላዋል። ርዕሱ «ቶል ፒፕል ኧርን ሞር» ይላል፣ ታች ዜናው ላይ ግሱ ተመልሶ ይመጣል። ተርጓሚ ርዕሱን አይቶ ብቻ ከሮጠ እንደኔ ይሆናል። ርዕስ መጨረሻ ላይ ተርጉሙ፣ ዜናውን ከጨረሳችሁ በኋላ።

አምስተኛ፦ ወደ አማርኛ ስትመልሱት

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ቴንደንሲ አጠገብ «ዝንባሌ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጦቻችን ዝንባሌ በዝንባሌ ሆኑ። ዋጋው የመጨመር ዝንባሌ አለው፣ ዝናቡ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። ግን አማርኛ ውስጥ ዝንባሌ የሰው ነው። ልጅቷ የሥዕል ዝንባሌ አላት እንላለን፤ ፍላጎት አላት፣ ተሰጥኦ አላት ማለታችን ነው። «ብረቱ የመዛግ ዝንባሌ አለው» ስትሉ ብረቱ ቁጭ ብሎ ዝገት የሚመኝ ይመስላል።

አማርኛ ለዚህ የራሱ ጓዳ አለው። ለሰው ልማድ «ይቀናዋል» የሚል ምርጥ ቃል አለን። መዋሸት ይቀናዋል፣ ማልቀስ ይቀናታል፣ ሥራ ሲበዛበት መነጫነጭ ይቀናዋል። ትንሽ ወቀሳ እንዳለበት ግን አትርሱ። መርዳት ይቀናዋል ብዙም ሲባል አልሰማም። ለዚህ «ይወዳል» ወይም «ያዘወትራል» ይሻላል። ሐሳብ ላይ ሲሆን «ያዘነብላሉ»፣ ሚዛን ላይ ሲሆን «ያመዝናል» ወይም «ያደላል» አለ። ቁጥር ሲኖራችሁ «በአማካይ» ትልቅ ጓደኛ ነው። ምርምር ሲሆን «ሲሆን ይታያል»፣ «ሆኖ ይገኛል» የሚለው አነጋገር ልኩን ይይዛል። «አብዛኛውን ጊዜ» እና «ብዙውን ጊዜ» የትም ይሄዳሉ፣ እንደ ሽሮ ናቸው፣ ግን በየመስመሩ ከመጡ ይሰለቻሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አንዳንዴ ምንም መጨመር አያስፈልግም። አማርኛ ግሱ ብቻውን ልማድን ይናገራል። «ዝናብ ሲዘንብ ታክሲ ይጠፋል።» በቃ። ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይህን የሚሰማ ሰው «ሁልጊዜ ነው ወይ?» ብሎ አይከራከርም። ነገሩን ኖሮታል፣ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ያውቀዋል። «ለበዓል ዶሮ ይወደዳል» ስንልም እንደዚያው።

ታዲያ ለምን «ረጃጅም ሰዎች ብዙ ደመወዝ ያገኛሉ» ላይ አልሠራም? አንባቢው ነገሩን ስለማያውቀው ነው። የሚያውቀውን ነገር ሲሰማ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። አዲስ ግኝት ሲሰማ ግን የተጻፈውን እንዳለ ይወስደዋል፣ ሕግ አድርጎ። ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ይኸው ነው፦ አንባቢው ከኑሮው የሚያውቀው ከሆነ ግሱን ብቻውን ልቀቁት፤ ከእናንተ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከሆነ «በአማካይ»ን ወይም «አብዛኞቹ»ን ጨምሩለት።

ስድስተኛ፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንሞክረው

የታክሲውን እንውሰድና በእንግሊዝኛ ዜና እናድርገው። ክረምት ነው፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዘጋቢው አራት ኪሎ ቆሟል፣ ጃንጥላው ተገልብጦበታል። አንድ ሰዓት ቆሞ የመጡት ሚኒባሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢሮ ተመልሶ መጻፍ የፈለገው «ሚኒባስስ ቴንድ ቱ ዲስአፒር ዌን ኢት ሬይንስ» የሚል ነው።

ይችላል? በአንድ ምሽት አይችልም። አንድ ምሽት ሲሆን ያየውን ይጻፍ፦ ትናንት ማታ ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ሰዓት ቆመ። ነገር ግን በተለያዩ ቀናት ቆሞ ካየ፣ ተራ አስከባሪዎችንና ሾፌሮችን ካነጋገረ፣ ዝናብ በሌለበት ምሽትም ሄዶ ካነጻጸረ፣ ቴንድ ቱ የእሱ ነው። ያን ጊዜም «ዲስአፒር» ማለቱ ግነት ነው። የቀነሰ ነገር ጠፋ አይባልም። «ሚኒባስስ ቴንድ ቱ ቢ ስኬርስ ኦን ሬይኒ ኢቭኒንግስ» ቢል ይሻላል፤ ስኬርስ ማለት እጥረት ያለበት ነው። ባለቤቱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ ቴንድ ያለ ኤስ። ከቱ ቀጥሎ ቢ፣ እርቃኑን። ጊዜው ተነግሯል፣ ዝናባማ ምሽት። ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምር፣ ለምን እንደሚሆን ሾፌሮቹ የነገሩትን፣ በእነሱ አፍ።

ወደ አማርኛ ሲመልሰው ደግሞ «ሚኒባሶች በዝናባማ ምሽቶች እጥረት የማሳየት ዝንባሌ አላቸው» ካለ ጃንጥላውን እቀማዋለሁ። «ማታ ማታ ዝናብ ካለ ታክሲ እንደልብ አይገኝም» ይበቃዋል። የአራት ኪሎ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል።

እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ዜና ሳይወጣ በፊት በር ላይ ቆም እላለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ያነቡታል፣ ወይም ካልተመቻቸው አነብላቸዋለሁ። የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ሁሉም?» ይላሉ። መልሱ ጽሑፉ ላይ ካለ ወረቀቱን ይመልሱልኛል። እኔ አፌን ከፍቼ ማስረዳት ከጀመርኩ ግን ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወደ ላይ ተመልሼ እወጣለሁ።